የፖለቲካ ንግግርና የሐሰት ወሬ ሰው ያስገድላሉ? ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ቃላቸው ለሚሰማ ሰዎች ነው፦ ለዕድር ዳኞች፣ ለመምህራን፣ ለቴሌግራም ግሩፕ አስተዳዳሪዎች፣ ለባጃጅና ለጀልባ ማኅበራት ኃላፊዎች፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ወጣቶችን ለሚያስተባብሩ። ሌላውም ያንብበው።

ቃል ብቻውን ሰው ይገድላል ወይ?

ቃል ድንጋይ አያነሣም፤ የሚያነሣው ሰው ነው። ያ ሰው ግን ድንጋዩን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር ማመን አለበት። ተጠቂው እንደ እኔ ያለ ሰው አይደለም፤ ካልቀደምኩት ይቀድመኛል፤ ብመታው የሚወቅሰኝ የለም፣ እንዲያውም እመሰገናለሁ። ሦስቱንም የሚያስተምረው ቃል ነው።

ትምህርቱ በሁለት ፍጥነት ይሄዳል። አንደኛው ዝግተኛ ነው። በመድረክ፣ በቴሌቪዥን፣ በፌስቡክ ቀጥታ ስርጭት ለወራትና ለዓመታት እየተደጋገመ አንድን ወገን “አረም”፣ “ካንሰር”፣ “ጅብ” ይለዋል፤ ሰሚው እየለመደው ይሄዳል። ሁለተኛው ፈጣን ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ከተማውን የሚያዳርስ፣ ስም፣ ቦታና ሰዓት ያለው ወሬ ነው፦ “እገሌ እዚህ ሰፈር ነው ያለው”፣ “ዛሬ ማታ ሊመጡ ነው”። ዝግተኛው ሰውን ያዘጋጃል፣ ፈጣኑ ያንቀሳቅሰዋል። ዝግጅቱ በሌለበት አብዛኛው የሐሰት ወሬ ሁለት ቀን ተወርቶ ይረሳል፤ በፌስቡክ ከሚዞረው ውሸት ደም የሚያፈሰው ጥቂቱ ነው።

በዚህ ላይ ያልተፈታ የመሬት ጥያቄ፣ ሥራ ያጣ ወጣት፣ በየቦታው የታጠቀ ሰውና የማይታመን ፍርድ ቤት ይጨመራሉ። ወሬን መውቀስ እነዚህን መሸፈኛ ሊሆን አይገባም።

እኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያውቃል?

ደርሷል። በ2011 ዓ.ም ጥቅምት በምዕራብ ጎጃም ሰሜን ሜጫ ወረዳ አዲስ ዓለም ላይ፣ ለጤና ምርምር የሄዱ ሁለት ኢትዮጵያውያን በተሰበሰበ ሰው ተገደሉ። የሰፈሩን ሰው ያስወጣው ልጆቻችንን ሊመርዙ መጡ የሚል ወሬ ነው። የፓርቲ ጉዳይ አልነበረም፤ የወላጅ ፍርሃት በቂ ሆነ።

ሁለተኛው በዚሁ በባሕር ዳር የሆነ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር፣ ትግራዋይ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ደጅ በጥይት ተገደሉ። ወቅቱ የጦርነት ነበር። ኋላ በቀረበው ክስ እንደተዘረዘረው፣ ከግድያው ሳምንታት በፊት ፎቷቸውን፣ የሚሠሩበትንና የሚኖሩበትን አካባቢ ጠቅሰው በሐሰት የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተዋል፤ ልጃቸው ደጋግሞ ሪፖርት ቢያደርግም በጊዜ አልተነሡም። ልጁ በ2015 ዓ.ም ታኅሣሥ የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም መጋቢት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

በሁለቱም ጊዜ ንግግሩ “እነሱ” ከሚለው ጥቅል ቃል ወርዶ፣ ተፈልጎ ሊገኝ በሚችል ሰው ላይ አረፈ። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይህን ይያዙ፦ ወሬው ስምና አድራሻ ያወጣበት ሰዓት ከሁሉም የሚያሰጋው ሰዓት ነው።

ከሌላ አገር በእርግጥ የሚታወቀው ምንድን ነው?

ብዙ የተጠናው ሩዋንዳ ነው። ሬዲዮ ሚል ኮሊን የሚባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሐምሌ ሥርጭት ጀመረ፤ ቱትሲዎችን በረሮ ይላቸው ነበር። በ1994 ሚያዝያ ጭፍጨፋው ሲጀመር የሚፈለጉ ሰዎችን ስምና የተደበቁበትን ቦታ ወደ ማንበብ ተሸጋገረ። ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2003 ሦስት የመገናኛ ብዙኃን ሰዎችን ጥፋተኛ ብሏል። ሆኖም እስር ቤት ገብተው ገዳዮችን ያነጋገሩ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አግኝተዋል፦ አብዛኞቹ የወጡት ሬዲዮ ሰምተው ብቻ ሳይሆን፣ የሰፈር ሹምና ጎረቤት ደጃቸው መጥቶ “ና ውጣ” ሲላቸው ነው። እንግዲህ ሬዲዮ ቢጮህም ደጅ መጥቶ የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል፤ ደጅ ላይ ቆሞ “አትሂድ” የሚል ሰውም እንዲሁ ዋጋ አለው።

የእንግሊዙ ደግሞ የመረጃ ክፍተት ምን እንደሚያመጣ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 በሳውዝፖርት ከተማ ሦስት ሕፃናት በስለት ተገደሉ። ተጠርጣሪው የ17 ዓመት ልጅ ስለነበር ሕጉ ስሙን መግለጽ ይከለክል ነበር። ክፍተቱን የፈጠራ ስምና “በጀልባ የገባ ጥገኝነት ጠያቂ ነው” የሚል ወሬ ሞላው። በማግስቱ የከተማው መስጊድ ተጠቃ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ልጁ ግን የተወለደው እዚያው ብሪታንያ፣ ካርዲፍ ነበር።

በህንድ “ሕፃናት የሚሰርቁ መጡ” የሚሉ የዋትስአፕ መልእክቶች እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ መንገደኞችን አስደብድበው አስገድለዋል። ኩባንያው መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 ቻት በላይ እንዳይተላለፍ የገደበው ከዚያ በኋላ ነው።

አደገኛ ንግግርን ከስድብና ከጠንካራ ትችት በምን ልለይ?

ቃሉን ለብቻው አውጥቶ መመዘን አይበቃም። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ሱዛን ቤነሽ የምትጠቀምበት መለኪያ አምስት ነገር ያያል፦ ተናጋሪው ማን ነው፣ የሚሰማው ማን ነው፣ ምን አለ፣ በምን ወቅት፣ በምን ማሠራጫ። አንድ ተማሪ 40 ጓደኞች ባሉት ገጽ የሚጽፈውና ባለሥልጣን ወይም የተከበረ የሃይማኖት ሰው በጦርነት ሳምንት የሚናገረው፣ ቃሉ አንድ ቢሆንም ክብደቱ አንድ አይደለም። ስለዚህ ጣት ሁልጊዜ ወደ ዩቲዩበር ብቻ አይቀሰር። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ፌስቡክ ጥቃትን መቀስቀስ የሚከለክለውን መመሪያ ይጥሳል ብሎ ካነሣቸው ጽሑፎች አንዱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር።

ምልክቶቹን ደጋግመን እናያቸዋለን። ሰውን በአውሬ፣ በተባይ ወይም በበሽታ መጥራት አንዱ ነው። “ሊጨርሱን ተዘጋጅተዋል” እያሉ ራሳቸው ያሰቡትን በሌላው ላይ መለጠፍ ሌላው ነው፤ ማጥቃትን ራስን መከላከል ስለሚያስመስል ከሁሉም ይከፋል። ሴቶቻችንና ልጆቻችን ተነኩ የሚል ማስረጃ የሌለው ክስ አለ። ከራስ ወገን “ተው” የሚለውን “ባንዳ” ብሎ ዝም ማሰኘትም አለ፤ ይህ ሲበዛ ለዘብተኞቹ ይሸሻሉ፣ መድረኩ ለጨካኙ ይቀራል።

ጠንካራ ትችት ግን ሌላ ነው። “በከተማው የመሬት ድልድል ሌብነት አለ፣ ኃላፊው ይጠየቅ” የሚል ሰው የመናገር መብቱን ተጠቀመ። ድርጊትን፣ ኃላፊነትንና ተጠያቂውን ለይቷል። “የእነሱ ዘር በሙሉ ሌባ ነው፣ ከከተማችን ይውጣ” ሲል ግን ተጠያቂው ጠፍቶ ዘር ቀርቷል። መስመሩ እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ በዚያ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሐሰተኛ መረጃ እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ወይም በመደበኛ ሚዲያ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ለትምህርትና ምርምር፣ ለዜና ዘገባ፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት የሚደረግ ንግግር በልዩ ሁኔታ ተጠብቋል። አዋጁ ሲወጣ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ትርጓሜው ሰፊ በመሆኑ ተቺን ዝም ለማሰኘት ሊውል ይችላል ብለው ነቅፈውታል፤ ሥጋቱ ተገቢ ነው። ደግሞም ክስ ከድርጊቱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ሲል የሚያድነው አጠገቡ ያለ ሰው ነው።

ቴሌግራም ላይ ፎቶ ወይም ቪዲዮ መጣልኝ። እንዴት ላጣራ?

10 ደቂቃ ይበቃዎታል። መጀመሪያ ምንጩን ይዩ። ቴሌግራም የተላለፈ መልእክት ላይ ከየትኛው ቻናል እንደመጣ ከላይ ይጽፋል፤ እሱን ነክተው ይግቡና ቻናሉ መቼ እንደተከፈተ፣ ከዚህ በፊት ምን ሲለጥፍ እንደኖረ ይመልከቱ። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ ስለ ገጹ በሚገልጸው ክፍል ውስጥ የተከፈተበት ቀን፣ የቀድሞ ስሞቹና አስተዳዳሪዎቹ ያሉበት አገር ይገኛል። ትናንት የሙዚቃ ገጽ የነበረ ዛሬ “ሰበር ዜና” ከሆነ ይጠርጥሩ። ዋትስአፕ ላይ ሁለት ቀስት ካዩ መልእክቱ ብዙ እጅ አልፎ ነው የደረሰዎት።

ቀጥሎ ፎቶውን በጉግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ይፈልጉ። ቲንአይ ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ እንዲደረድር ማዘዝ ስለሚቻል ፎቶው መጀመሪያ የታየበትን ጊዜ ለማግኘት ይሻላል። ቪዲዮ ከሆነ አቁመው ሦስት አራት ቦታ ላይ ስክሪንሾት ያንሡ፤ ሕንፃ ወይም የሱቅ ማስታወቂያ የሚታይበትን ይምረጡ፣ የተጻፈበትን ጽሑፍ ቆርጠው ያውጡ፤ ካልቆረጡት ፍለጋው ጽሑፉን ይከተላል። ምንም ካልተገኘ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ አዲስ ወይም በኮምፒውተር የተፈበረከ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ምስሉን ራሱን ያንብቡ። የመኪና ሰሌዳ፣ የደንብ ልብስ፣ በማስታወቂያው ላይ ያለው ቋንቋ፣ ወቅቱ። “ዛሬ ባሕር ዳር” ተብሎ በሚያዝያ የተለቀቀ ቪዲዮ ውስጥ መንገዱ በጭቃ ከተሞላና ሰው ሁሉ ጃንጥላ ከያዘ፣ ምናልባት የሐምሌ ነው። መንገድ ዳር ዘንባባ ስላዩም ባሕር ዳር ነው ብለው አይደምድሙ፤ ዘንባባ ያለበት ከተማ ብዙ ነው። ድምፁን አጥፍተውም ይዩት፤ በሌላ ቪዲዮ ላይ የተለጠፈ ድምፅ የተለመደ ማጭበርበሪያ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቦታው ላይ ያለ ሰው ጋር መደወል ነው። “ሰምተሃል?” ብለው አይጠይቁ፤ እሱም ያንኑ ቻናል አይቶ “አዎ” ይላል። “አሁን ከቆምክበት ምን ይታይሃል?” ብለው ይጠይቁ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይጠይቁ። ከአንድ ልጥፍ የሰሙ አምስት ሰዎች አንድ ምንጭ ናቸው።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከሆነ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ማኅተሙን፣ የፈረመውን ሰው ቲተርና ግልባጭ የተደረገላቸውን ይዩ። ማኅተሙ ፊርማው ላይ ሳይደራረብ ንጹሕ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ወይም የፊደሉ ቅርጽ ከመስመር መስመር ከተለያየ፣ ተቀጥሎ ይሆናል። ሲደውሉ ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን አስቀድመው በሚያውቁት ይደውሉ። ኢትዮጵያ ቼክና ሃቅቼክም አጣርተው ይፋ ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል፤ እነሱ ግን ሰዓታት ይፈልጋሉ።

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይባል የለ? ለምን እንቸኩላለን?

እውነት ነው፣ ይጠራል። የአዲስ ዓለሙም ጠርቷል፤ ሰዎቹ ግን አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ ወደ 126,000 የሚሆኑ ወሬዎችን የመረመረ ጥናት፣ ሐሰቱ ከእውነቱ ይልቅ 70 በመቶ የበለጠ የመጋራት ዕድል እንዳለው አሳይቷል። ያጋሩትም በአብዛኛው ሰዎች እንጂ ማሽኖች አልነበሩም፤ ሐሰቱ አዲስና የሚያስደነግጥ ስለሚመስል።

የግሩፕ አስተዳዳሪ ነኝ። ወሬ ሲጋጋል ምን ላድርግ?

ግሩፑን መዝጋት አይቅደም፤ ሰው ወደማያዩት ሌላ ግሩፕ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ በፈቃዶች ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ መላክን ለጊዜው ያጥፉ፣ የመልእክት ማዘግያውን 5 ወይም 15 ደቂቃ ላይ ያድርጉት። የሰው ስም፣ ፎቶ፣ ስልክ ወይም ቤት የሚጠቁም መልእክት ግን ሳይከራከሩ ወዲያው ለሁሉም ያጥፉ፤ ከማጥፋትዎ በፊት ለማስረጃ ስክሪንሾት ይያዙ። የለጠፈውን በውስጥ መስመር ያናግሩት። በአደባባይ የተሰደበ ሰው ይብሳል፤ በውስጥ “ወንድሜ፣ ይህን ከየት አገኘኸው?” የተባለ ብዙ ጊዜ ራሱ ያነሣዋል። አንድ መልእክት ከላይ ይሰኩ፦ እያጣራን ነው፣ በዚህ ሰዓት እንመለሳለን። ያሉት ሰዓት ላይ ምንም ባያገኙም ይመለሱ።

ሰው መንገድ ላይ መሰብሰብ ከጀመረስ?

በመጀመሪያ የሚፈለገውን ሰው ከቦታው ያርቁ። ክርክር ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ተጠርጣሪውን “ይናገር፣ ራሱን ያስረዳ” ብሎ ሕዝብ ፊት በማቆም ነው፤ የተቆጣ ሰው ማብራሪያ አይሰማም፣ ድንጋጤውንም እንደ ጥፋተኝነት ያያል። በጀርባ በር፣ በጎረቤት ግቢ፣ ያለ ጩኸት ያውጡት።

መሃል ያለውን ጯሂ ለማሳመን ጉልበት አይጨርሱ። በዳር ያሉት ለማየት የመጡ ናቸው። በስማቸው ጠርተው፣ በዝምድና ቃል፣ አንድ በአንድ ወደ ቤት ይመልሷቸው፦ “አንተ የእትዬ እገሊት ልጅ አይደለህም? እናትህ እየፈለገችህ ነው።” ዳሩ ሲሳሳ መሃሉ ይቀዘቅዛል። ቄሱ፣ ሼኩ፣ የዕድሩ ዳኛ አብረው ቢመጡ ይሻላል፤ የአንድ ወገን ሽማግሌ ብቻውን ሲመጣ አድሏዊ ይባላል። በድምፅ ማጉያ ወሬውን እየደገሙ “ሐሰት ነው” ማለት ላልሰማው ማሰማት ነው። ፖሊስ ይጠራ፤ ሽማግሌው ግን ፖሊስን አይጠብቅ።

ለጥናት፣ ለክትባት ወይም ለመሬት ልኬት ወደ ገጠር የሚሄድ ቡድን ካለ ከመግባቱ በፊት በቀበሌው፣ በትምህርት ቤቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ምን እንደሚሠራ ይነገር፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው አብሮ ይሁን። ወላጅ ሳያውቅ ልጅ አይነካ። ጥርጣሬ ከተሰማ ሥራው በዚያው ሰዓት ይቁምና ቡድኑ ይውጣ፤ በተለይ ነገ ገበያ ከሆነ። ደቅ ደሴትን በመሰለ ቦታ ወሬው ከጀልባው ጋር ይደርሳል፣ ፖሊስ ግን በውኃ ተሻግሮ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል። የጀልባ ማኅበሩና የደሴቱ ሽማግሌዎች ስልክ አስቀድሞ መለዋወጥ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ስሜና ፎቶዬ ተለጥፎ እየተዛተብኝ ነው።

መልስ አይስጡ፤ አስተያየት በበዛ ቁጥር ልጥፉ ለብዙ ሰው ይታያል። የልጥፉን ሊንክ፣ ስክሪንሾቱን፣ ቀንና ሰዓቱን ይያዙና ለሚያምኑት ሰው ይላኩ። ሪፖርት ሲያደርጉ “ሐሰተኛ መረጃ” ከሚለው ይልቅ ጥቃትና ዛቻን የሚመለከተውን ይምረጡ፤ ወዳጆችዎም እያንዳንዳቸው ከየራሳቸው ገጽ እንዲሁ ያድርጉ። ከገጽዎ የልጆችዎን፣ የግቢዎንና የመኪናዎን ፎቶ ያንሡ። ቤትዎ ከተጠቆመ ኩባንያው መልስ እስኪሰጥ አይጠብቁ፤ ለጥቂት ቀን ሌላ ቦታ ይደሩ፣ የት እንዳሉ ለሦስት ሰው ብቻ ይንገሩ። ለፖሊስ ሲያመለክቱ የማመልከቻዎን ቅጂ ይያዙ። ጎረቤት የሆኑ ደግሞ ጠያቂ ቢመጣ “የለም፣ ሄዷል” ማለት ይበቃቸዋል።

ኢንተርኔት ቢዘጋ ወሬው አይቆምም?

ባሕር ዳር ይህን ደጋግማ አይታለች፤ ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም በኋላም፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ለብዙ ወራትም። ወሬ በስልክ፣ በመናኸሪያና በቡና ላይ ይቀጥላል፤ የሚቆመው ማጣራቱ ነው። በህንድ የተደረገ ጥናትም መዘጋቱ ከሁከት መቀነስ ሳይሆን ከመጨመር ጋር ተያይዞ እንደተገኘ ያሳያል።

ሳላጣራ ሼር ያደረግሁት ሐሰት ሆኖ ተገኘ። እንዴት ላርም?

ዝም ብሎ ማጥፋት አይበቃም። ፌስቡክ ላይ ዋናውን ሲያጠፉ ከእርስዎ የተጋራው አብሮ ይጠፋል፤ ቴሌግራም ላይ ግን የተላለፈው ቅጂ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ማስተባበያውን በዚያው ቻናል፣ ሰው በሚበዛበት በማታው ሰዓት ይለጥፉና ለአንድ ሳምንት ከላይ ይሰኩት። እውነቱን ያስቀድሙ፦ “ዛሬ በቀበሌው ትምህርት ቤት የተሰጠው የኩፍኝ ክትባት ነው፤ የታመመ ልጅ የለም። ከርእሰ መምህሩና ከሁለት ወላጆች አረጋግጠናል። ጠዋት የለጠፍነው ስሕተት ነበር፣ አንሥተነዋል።” ሐሰቱን አንዴ ብቻ፣ በአጭሩ ይጥቀሱ፤ የሐሰቱን ፎቶ መልሰው የሚያሳዩ ከሆነ በላዩ ላይ በትልቁ “ሐሰት” ብለው ይጻፉበት፤ ያለዚያ ፎቶው ተቆርጦ እንደገና ይዞራል። ወሬው ከአንድ ሰፈር ግሩፕ ካልወጣ ደግሞ በከተማው ቻናል አያስተባብሉ፤ እዚያው ይጨርሱት። ለማን እንደላኩ የሚያስታውሷቸው ካሉ አንድ በአንድ ደውለው፣ እነሱም ለላኩላቸው እንዲነግሩ ይጠይቋቸው።